ቡና ከውሃ ይቆጠራል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ እዚህ ጅማ መርካቶ ሱቅ ውስጥ ስውል ከሰዓት ላይ ራሴን ያመኛል፣ ሽንቴም ጠቆር ይላል፣ ቀን ሙሉ የምጠጣው ቡና ነው፣ እሱ ከውሃ ይቆጠራል ወይ፣ ስምንት ብርጭቆ የሚባለውስ እውነት ነው ወይ ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ኩላሊቴ ላይ ጠጠር ተገኝቶ ስለታከምኩ ነገሩን ከብዙ ሰው በላይ ጠይቄዋለሁ፣ ትንሽ ቢረዝምብሽ ቻይኝ።

ቡናው ይቆጠራል። ውሃ ያደርቃል የሚሉት የተጋነነ ነው፣ ለለመደ ሰው ብዙም አያደርቅም። ግን የኛ ስኒ ስንት ትይዛለች? አቦል ቶና በረካ ጨርሰሽ ብትደምሪው አንድ የውሃ ብርጭቆ ቢሆን ነው! ጅማ ደግሞ እንደ ጋምቤላ አያቃጥልም፣ ዝናቡም አለ፣ ጥም ቶሎ አይመጣም፣ ስለዚህ ሰዉ ቡና ጠጣሁ ብሎ ይውላል። የሚቅም ካለማ ባሰ፣ አፍ መድረቁ፣ ሆድ ድርቀቱ፣ እሱን ተዪው።

ስምንት ብርጭቆ ህግ አይደለም። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለስልጣን በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ለሴት በቀን 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር ነው፣ እሱም ከወጡም ከፍራፍሬውም ከሻዩም የሚገባው ተደምሮ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ትጨምራለች። እኔን ሐኪሙ ያለኝ ብርጭቆ አትቁጠር፣ ሽንትህን እይ ነው፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው (ቢ ኮምፕሌክስ የሚባለውን ቫይታሚን የምትወስጂ ከሆነ ግን ቀለሙ ያታልልሻል)። ጠጠር ያለበት ሰው በቀን 2.5 ሊትር ገደማ ሽንት እንዲሸና ነው የሚመከረው፣ ጨዋማ ውሃ ሲተን ታች ጨው እንደሚቀረው ሽንትም ሲወፍር ነው ጠጠሩ የሚሰራው።

አሁን ማንም የማያወራውን ላውራ፣ እኛ ውሃ የማንጠጣው ረስተን ብቻ አይደለም፣ ሽንት ቤት ስለሌለ ነው። ከአጂፕ መርካቶ ስመላለስ የት ልቁም? ወንዱ አጥር ስር ይቆማል፣ ነውር ቢሆንም፣ ሱቅ የሚውሉ ሴቶች ግን ጠዋት ወጥተው ማታ እስኪገቡ ይዘውት ነው የሚውሉት፣ ለዛ ብለው ውሃ አይነኩም። በቂ ውሃ ጠጡ ብሎ መምከር ቀላል ነው፣ መጀመሪያ መሸኛ ስጡና። ስለዚህ የኔ ምክር፣ ከሱቅሽ አጠገብ ካለ ካፌ ጋር ተግባቢ፣ ሻይ እየገዛሽ ሽንት ቤታቸውን ተጠቀሚ፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው። ጠዋት ከቤት ሳትወጪ ጠጪ፣ ምሳ ላይ ጠጪ፣ ቡና ሲፈላም አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀመጥ። የቧንቧውን ካላመንሽው አፍልተሽ በሃይላንድ ያዢ፣ ጅማ ከፍታዋ ከ2000 ሜትር በታች ስለሆነ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል።

ደግሞ ማካካሻ ብለሽ ማታ ብዙ ሊትር ባንዴ እንዳትገለብጪ፣ የደም ጨው ይወርድና ሌላ ጣጣ ነው። የልብ ወይ የኩላሊት ድካም ያለበት ሰውማ ልኩን ሐኪሙን ይጠይቅ። ሽንትሽ የሚያቃጥልሽ ከሆነ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በውሃ አትሸንግዪው፣ ሽንት ተመርመሪ፣ ራስ ምታቱም ውሃ ጠጥተሽ ካልለቀቀሽ በዛው ግፊትሽን ተለኪ።