መልስ፦ የእናቴ ካንሰር ዘግይቶ ታወቀ፤ ክሊኒኩን መክሰስ ይቻላል?

እናትሽን ይማርልሽ እህቴ። እንደጻፍሽው የድሬዳዋው የግል ክሊኒክ የጡታቸውን እብጠት «ኢንፌክሽን ነው» እያለ ለወራት አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው ቆይቶ፣ ሐረር ላይ ናሙና ተወስዶ ካንሰር ከተባለ፣ አዎ፣ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 የሙያውን ደንብ ያልጠበቀ ባለሙያን ኃላፊ ያደርጋል።

ግን መዘግየቱ ብቻውን አያስከፍልም። ክርክሩ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው፦ ናሙናው በጊዜ ቢወሰድ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? ያኔ እጢው ትንሽ ነበር፣ አሁን ወደ ብብት ንፍፊት ተዛምቷል የሚያሰኝ ማስረጃ ካለ ክስሽ መሠረት አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ላይ የሰፈረው የእጢው መጠን ከምንም በላይ ያስፈልግሻል። ክሊኒኩ ስለ ክስ ሳይሰማ የካርዱን ሙሉ ኮፒ አስወጪ፤ የመድኃኒት ማዘዣና ደረሰኝም አይጣል። ቀኖቹንም አመሳክሪ፤ ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር እየተጻፈ ጠበቆች ራሳቸው ይምታታባቸዋል።

ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አመልክቺ። ካሳ አያስከፍልልሽም፣ ጥፋት አለ ካለ ግን አስተያየቱ ችሎት ላይ ክብደት ይሰጠዋል። እሱን እየጠበቅሽ ጊዜው እንዳያልፍብሽ፦ በቁጥር 2143 ይርጋው (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ አንቺ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ቁጠሪው።

ሽማግሌ ከላኩ አትመልሺ። ቀሪውን የሕክምና ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ሳይሰፍር ግን ምንም ነገር ላይ አትፈርሚ።