ትሬድሚል ላይ ብቻ የሚያመኝ ወገብ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ እውላለሁ። ማታ ጂም ገብቼ ትሬድሚል ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ላብ እንዲያወጣኝ ኢንክላይኑን 6 ላይ አደርገዋለሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ታችኛው ወገቤ ግትር ይልና ያመኛል። እሁድ ጠዋት አስፋልት ላይ ስሮጥ ግን ምንም አይለኝም። ችግሩ ማሽኑ ነው ወይስ እኔ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስፋልት ላይ ደህና የሆነ ወገብ ማሽን ላይ ሲወጣ ካመመው፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማሽኑ ላይ እንዴት እንደምትሮጥ ነው። ማሽኑንም ነጻ አላወጣውም፤ እመጣበታለሁ።

ከኢንክላይኑ እንጀምር። 6 ማለት 100 ሜትር በሄድክ ቁጥር 6 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣለህ ማለት ነው። የደንገጎን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ሰውነት ሳይታወቀው ወደ ፊት ያጋድላል። ያንን ያጋደለ ደረት ይዞ የሚያቆየው የወገብ ጡንቻ ነው። እሁድ ሜዳ ላይ ትሮጣለህ፣ ማታ ዳገት ትወጣለህ፤ ልዩነቱ እዚህ አለ። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ኢንክላይኑን 0 አድርገው። «ትሬድሚል ሁልጊዜ 1 ላይ መሆን አለበት» የሚሉህ ይኖራሉ። እሱ ውጭ ስንሮጥ የሚገጥመንን የነፋስ ግፊት ለማካካስ ነው፣ የሚጠቅመውም በጣም ለሚፈጥን ሯጭ ነው። ለላብ ብለህ ከሆነ ደግሞ፣ በድሬ ሙቀት ላብ ለማውጣት ዳገት አያስፈልግም!

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። እጀታውን ትይዛለህ? አልጻፍክልኝም፤ ግን 6 ላይ በ10 የሚሮጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይይዛል። እጀታ ስትይዝ ክንድህ መወዛወዙን ያቆማል፣ ደረትህም ከእግርህ ጋር ግራና ቀኝ መዞሩን ይተዋል። ከዳሌህ ታጥፈህ እንደ ጎባጣ ትሮጣለህ። ሳትይዝ መሮጥ ካቃተህ ፍጥነቱ በዝቶብሃል፤ ወደ 8 አውርደው። አንዳንዱ ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለው፣ ፍጥነቱ የሚታይበት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይሮጣል። እጁ ሰሌዳውን እንዳይመታ ሲል እርምጃው ይበላሻል፣ ወገቡንም ወደ ኋላ ይለጥጣል። የቀበቶው መሃል ላይ ሁን። ስልክህን ሰሌዳው ላይ አታስቀምጥ፤ አንገት ሲያጎነብስ ጀርባም ይከተላል።

እርምጃህንም አሳጥር። እግርህ ከፊትህ ርቆ፣ ጉልበትህ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ የማረፉ ምት ወደ ላይ፣ ወደ ወገብህ ይሄዳል። ቀኝ እግርህ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ቁጠርና በ4 አባዛው፤ የደቂቃ እርምጃህ ነው። 150 ከመጣልህ፣ ፍጥነቱን ሳትቀይር ወደ 160 ለማድረስ ሞክር። መጀመሪያ ቀን እንደ አሻንጉሊት የምትሮጥ ይመስልሃል። ይለመዳል።

መቀመጡ ሌላው ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ አንዳንዱ ደግሞ በርጫ ላይ ተደግፎ ሰዓታት፣ ከዚያ በቀጥታ ሩጫ። የዳሌህ ፊት ጡንቻ ታጥፎ ውሎ ግትር እንዳለ እግርህን ወደ ኋላ ልዘርጋ ስትል፣ አልዘረጋም ያለውን ወገብህ ታጥፎ ይሞላዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ 5 እስከ 10 ደቂቃ ተራመድ። ከዚያ አንድ ጉልበትህን መሬት አስነካ፣ ሌላኛውን እግር ከፊት አድርግ፣ የመቀመጫህን ጡንቻ አጥብቀህ ዳሌህን ቀስ ብለህ ወደ ፊት ግፋ። ለእያንዳንዱ ጎን 30 ሰከንድ ይበቃል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ በጀርባህ ተኝተህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ መቀመጫህን ከመሬት አንሳ፤ ፕላንክም (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ጨምርበት። የመቀመጫና የሆድ ጡንቻ ሥራውን ሲተው ሸክሙ ወገብ ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ማሽኑ። በዝግታ እየተራመድክ እግርህን ጠንከር አድርገህ አሳርፍ። ቀበቶው በየእርምጃው ቆም ካለ ላልቷል፣ ወይም ደርቋል፣ ወይም መብራቱ ኃይል አንሶታል። እያንዳንዷ መቆም ወገብህን ትጎትታለች። የድሬ አቧራና አሸዋ ቀበቶ ስር ገብቶ ቶሎ ያደርቀዋል። ጂሙን የሚጠግነው ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ይጥረገው፣ የሲሊኮን ዘይት ይቀባው። የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ቀበቶውን ያበላሻሉ። ውሃ ልክም ማሽኑ ላይ በአግድም ያስቀምጥ። አንድ እግሩ ዝቅ ያለ ትሬድሚል ሁልጊዜ አንዱን ጎንህን ያሠቃያል። ህመምህ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ይህን አስቀድም። ቀላሉ ፈተና ሌላ ትሬድሚል ላይ በዚያው ፍጥነት መሮጥ ነው።

ማሽኑ ላይ የተሰካውን የደህንነት ቁልፍ በክሩ ልብስህ ላይ አስረው፤ ከወደቅክ ወይም ወደ ኋላ ከተንሸራተትክ ተነቅሎ ማሽኑን ያቆመዋል።

ሲያምህ ፍጥነቱን ቀንስና ተራመድ፤ ችለህ አትጨርሰው። ቤት ገብተህም ቀናት ሙሉ አትተኛ፣ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ይሻላል። ግን ህመሙ ከጉልበት በታች ወደ እግርህ ከወረደ፣ እግርህ ከደነዘዘ ወይም ከከዳህ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ይህ የጂም ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ይይህ። ሽንትህን ወይም ሰገራህን መቆጣጠር ካቃተህ፣ ወይም በጭኖችህ መካከል ከደነዘዘህ፣ እስኪነጋ አትጠብቅ። በዚያው ሌሊት ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ።