ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን ሥራዬ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። በፈረንጆቹ 1990 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፤ በእጄ ከገባች 11 ዓመት ሆኗታል። ካለፈው ክረምት መውጫ ጀምሮ ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለውን ዳገት ስይዝ የሙቀት መለኪያዋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለት ጊዜም መንገድ ላይ ፈልታብኝ ቆሜአለሁ። በየሦስት ቀኑ አንድ ሊትር ያህል ውሃ እጨምራለሁ፤ መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ግን አላየሁም። ዘይት አትበላም፤ ሰማያዊ ጭስም የላትም። የሰፈራችን መካኒክ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ወተት የመሰለ ነገር ተለጥፎበት ቢያገኝ፣ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መታደስ አለበት» አለኝና ለዕቃና ለእጅ 140 ሺህ ብር ጠየቀኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከውጭ የገባ ያገለገለ ሞተር ገዝቼ እንድቀይር ይመክረኛል። ደላላ ደግሞ እንዳለች ልሽጥልህ ይለኛል። ባለቤቴ ይህ ሁሉ ገንዘብ ላረጀ መኪና መውጣት የለበትም ባይ ናት። ምን ይመክሩኛል?

ከሱሉልታ

መልስ፦ በመጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንዎት፤ እስካሁን የተነገረዎት ሁሉ ዋጋ እንጂ ምርመራ አይደለምና ሞተሩ እንዲወርድ እሺ አይበሉ። መካኒክዎ ያየው የዘይት ክዳኑን ብቻ ነው። እርስዎ በሚኖሩበት በሱሉልታ ብርድ ደግሞ ያ ወተት የመሰለ ነገር በጤነኛ ሞተር ላይም ይገኛል። ሌሊቱን የቀዘቀዘ ሞተር በጠዋት ተነሥቶ በደንብ ሳይሞቅ አጭር መንገድ ሄዶ ሲጠፋ፣ በውስጡ ያለው እርጥበት ክዳኑ ሥር ከዘይት ጋር ይደባለቅና ነጣ ያለ ቅባት ይሆናል። ስለዚህ መታየት ያለበት የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው፤ በዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ሆኖ ክዳኑ ብቻ ከነጣ፣ ውሃ ወደ ዘይቱ ገብቷል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም።

ይህን ስል ግን ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በሞተሩ አካልና በላይኛው ክፍሉ (በቴስታታው) መካከል ገብቶ የሚያሽገው ስስ ንጣፍ፣ ደህና ነው ማለቴ አይደለም። መሬት ሳይነካ የሚጠፋ ውሃ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ የእርስዎን ያህል ውሃ የሚያጎድል ሞተር ወይ በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ሲሊንደር እያስገባ ያቃጥለዋል፣ ወይ በራዲያተሩ ክዳን በኩል በእንፋሎት መልክ እያስወጣው ነው። ሁለቱን ለመለየት ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጠዋት የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሞተሩን ያስነሡ፤ ገና ሳይሞቅ ውሃው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከተንተከተከ፣ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነው። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላም ከማርሚታው የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ካልቆመ፣ ወይም መኪናዋ ከተነሣች ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ጥርጣሬው ይበረታል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚደረገው የኮምፕሬሽን ልኬት፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚያሳየው ልኬት ነው። ካንዴላዎቹ በሙሉ ወልቀው፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ አራቱም ሲሊንደሮች በየተራ ይለካሉ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከሌሎቹ በጣም ካነሱ፣ ጓርኒሲዮኑ በሁለቱ መካከል ተቃጥሏል ማለት ነው። አንዱ ብቻ ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፤ ልኬቱ ከፍ ካለ ፒስቶኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያሽገው ቀለበት (ፋሻው) አልቋል፤ ካልተለወጠ ችግሩ ያለው ከላይ፣ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ጋ ነው። የእርስዎን 140 ሺህ ብር የሚወስነው ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ በሙያው ውስጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁትንና እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝን አንድ ስሕተት ልንገርዎ። የፋብሪካው መጽሐፍ የሚሰጠው የኮምፕሬሽን ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። በመጽሐፉ 12 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የተባለ ሞተር እኛ ዘንድ 9 ባር ገደማ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ብቻ አስተያይተው «ሞተሩ አልቋል» የሚሉ ሰዎች ስንቱን ደህና ሞተር በከንቱ እንዳስወረዱ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ዋናው ነገር አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው።

ከፍታው በሌላም መንገድ ይመለከትዎታል። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ደግሞ ሞተር በደህና ጊዜው ከሚሠራበት ሙቀት እምብዛም አይርቅም። ውሃው ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ አናቱ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ክዳን ደህና ከሆነ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ግን ግፊቱን አይዝም፤ ያን ጊዜ መኪናዋ ዳገት ላይ ትፈላለች፣ ውሃውም መሬት ላይ ምልክት ሳይተው በእንፋሎት ይጠፋል። ይህ ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነውና ከምንም ነገር በፊት አዲስ ክዳን ይግዙ።

አሁን ጓርኒሲዮኑ በእርግጥ ተቃጥሎ ተገኘ እንበል። እንደዚያም ቢሆን የቴስታታ ጓርኒሲዮን ለመቀየር ሞተር አይወርድም፤ የሚነሣው ቴስታታው ብቻ ነው። ሞተር የሚወርደው የታችኛው ክፍል ሲያልቅ ነው፤ ለዚህም ምልክቶቹ ሰማያዊ ጭስ፣ የዘይት መጉደል፣ ሞተሩ ሞቆ ቀስ ብሎ ሲሠራ የዘይት መብራት ብልጭ ማለት፣ ከታች የሚሰማ የማንኳኳት ድምፅ ናቸው። እርስዎ ከጻፉልኝ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ልኬቱ ሌላ ነገር እስካላሳየ ድረስ ሙሉ እድሳት አያስፈልግዎትም የሚል ነው።

ቴስታታው ከተነሣ በኋላ ግን ቸኩሎ መልሶ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። የዲኤክስ ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ ሁለት ጊዜ ከፈላ በኋላ ሳይጣመም አይቀርም ብሎ መጠርጠር ይገባል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተጋድሞበት በስስ መለኪያ ይፈተሻል፤ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ከተገኘ ወደ ቶርኖ ቤት ተወስዶ መስተካከል አለበት፤ ስንጥቅ እንዳለውም እዚያው ይመረመራል። ሲገጠም ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በዙር በዙር፣ በሚለካ ቁልፍ እንጂ በክንድ ግምት መታሰር የለባቸውም። የታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ ካላወቁ፣ ሞተሩ እግረ መንገዱን ስለተከፈተ አዲስ ያስገቡለት።

ከሁሉ በላይ ግን ጓርኒሲዮኑን ያቃጠለው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። ጓርኒሲዮን ብዙውን ጊዜ የሚቃጠለው ሞተሩ ስለጋለ ነው፤ ሞተሩ የጋለበት ምክንያት ካልተወገደ አዲሱም በጥቂት ወራት ውስጥ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል። በከተማዋ ዳርቻ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የጉድጓድ ውሃ ሲሆን በውስጡ ያለው ማዕድን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ እንደ ማንቆርቆሪያ ዝቃጭ እየጋገረ መንገዱን ይዘጋል። ስለዚህ ራዲያተሩ ወልቆ ይጠረግ፤ ከዚያ በኋላ የሚሞላው ከንጹሕ ውሃ ጋር የተመጣጠነ የራዲያተር ፈሳሽ ይሁን። የውሃ ፖምፓው ይታይ፤ ፋኑም በሰዓቱ መነሣቱ ይረጋገጥ። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ቴርሞስታት በቀድሞ ጥገና ወልቆ እንደሆነም ይጠይቁ። በሀገራችን ሞተር በጋለ ቁጥር ቴርሞስታት አውልቆ መጣል የተለመደ ነው፤ ያለ እሱ የሚሠራ ሞተር ግን በሱሉልታ ጠዋት ለረጅም ጊዜ ሳይሞቅ ይጓዛል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ችግሩን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም።

ያገለገለ ሞተር ስለመግዛት የሰጡዎትን ምክር እኔ አልደግፈውም። ወለል ላይ የተቀመጠ ሞተር ሲሠራ አይሰማም፤ ምን ያህል እንደሄደና እሱስ ግሎ እንደነበር አይታወቅም። በዚያ ላይ የሞተር ቁጥርዎ በሊብሬው ላይ ተጽፎ ስላለ፣ ሞተሩን ከለወጡ ደረሰኙንና የጉምሩክ ሰነዱን ይዘው በተሽከርካሪ መዝጋቢው ዘንድ ማስለወጥ ይጠበቅብዎታል፤ ሰነድ የሌለው ሞተር በሽያጭ ጊዜም በዓመታዊ ምርመራም ራስ ምታት ይሆንብዎታል።

ባለቤትዎ ያነሡት ሐሳብ ክብደት ያለው ነውና በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። በሌላው ዓለም የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ ሽጠው የሚባል ምክር አለ፤ ያ ምክር ግን መኪና በየዓመቱ በሚረክስበት ሀገር የተወለደ ነው። እኛ ዘንድ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ምክንያት የእርስዎ ዲኤክስ አርጅታም ዋጋዋን ይዛለች፤ የመለዋወጫው መወደድም ከዚሁ የመጣ ነው። ደላላው የሚያመጣልዎ ገዢ የፈላች መኪና ሲገዛዎት የሙሉ እድሳቱን ዋጋ ቀንሶ፣ በዚያ ላይ ትርፉን ጨምሮ ቀንሶ ነው፤ ከዚያም ምናልባት ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ በሙሉ ዋጋ ይሸጣታል። መሸጥ ከፈለጉ እንኳን አድነው ይሽጡ።

ሆኖም ሐሳቤን የሚያስለውጠኝ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ቦዲው ነው። መኪናዋን ጉድጓድ ላይ አስቁመው ሥሯን በመብራት ያስዩ። ወለሉና የእግሮቹ መያዣ ቦታዎች በዝገት ከተበሉ፣ በጠመንጃ መፍቻ ሲነኩም ብረቱ ከፈረሰ፣ ለሞተሩ አንድ ብር እንዳያወጡ። ሞተር ይታደሳል፤ የበሰበሰ ቦዲ ግን ልጆችዎን በእንጦጦ ቁልቁለት አይሸከምም።

እስከዚያ ድረስ የግድ መንዳት ካለብዎ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይውጡ፤ መለኪያው መውጣት ሲጀምር ዳር ይዘው ያጥፏት። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን እንዳይከፍቱ፤ መንገድ ላይ ለመርዳት የሚመጡ ሰዎችም በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳያፈሱ ይከልክሏቸው፤ ቴስታታ የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ የለገጣፎ ነዋሪ ስሆን ቪትዝ እነዳለሁ። በዚህ ዓመት ብቻ የፊት ፍሬን ሸራ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። መካኒኬ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ርካሽ ይሻላል ይለኛል። እውነት ነው? ዕቃውንስ እኔ ልግዛ ወይስ እሱ?

ከለገጣፎ፣ አንባቢ እኅታችሁ

መልስ፦ እኅቴ፣ ለዲናሞ፣ ለሞተሪኖ፣ ለመብራትና ለበር መካኒክዎ እውነቱን ነው፤ ከጃፓን መኪና የወረደ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ርካሽ የበለጠ ያገለግላል። የፍሬን ሸራ፣ ቤልት፣ ጓርኒሲዮንና የጎማ ዕቃ ግን ያገለገለ በፍጹም አይገዛም።

ነገር ግን በዓመት ሦስት ጊዜ ያለቀ ሸራ ጥፋቱ የሸራው ብቻ አይመስለኝም። የወለቁት ሸራዎች ካሉ ያስተያዩአቸው። በአንድ ጎማ ላይ ከነበሩት ሁለት ሸራዎች አንዱ ከሌላው በጣም ቀጥኖ ካገኙት ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ተጣብቋል ማለት ነው፤ በአስፋልት ባልተሸፈነ የሰፈር መንገድ አቧራውና ጭቃው የካሊፐሩን ፒን ያደርቁትና ፍሬኑን ቢለቁትም ሸራው ዲስኩን እንደነካ ይቀራል። ጥቂት ከነዱ በኋላ ሳይነኩ እጅዎን ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች ቢያስጠጉ፣ የተጣበቀው በኩል ያለው ይበልጥ ሲግል ይሰማዎታል። ፒኑ ተጠርጎ ሙቀት በሚችል ግሪስ ይቀባ፤ ፒኑን የሚሸፍነው ጎማ ከተቀደደ ይቀየር።

ዕቃውን ከተቻለ አብራችሁ ሄዳችሁ ግዙ። ወደ መለዋወጫ ገበያው፣ ወደ ሶማሌ ተራ፣ ሲሄዱ የወለቀውን ዕቃና የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ፤ ቪትዝ በየትውልዱ ስለሚለያይ «የቪትዝ» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ደረሰኝ ይቀበሉ። የእጅ ዋጋውን ከዕቃው ለይተው አስቀድመው ይነጋገሩ፤ መካኒክዎ ለግዢ የሚባክንበትን ጊዜም ይክፈሉት፤ ያን ጊዜ በዕቃው ላይ ዋጋ ለመጨመር ምክንያት አይኖረውም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁልጊዜ ይዘው ወደ ቤት ይግቡ።