ትሬዱ «ቆለፈ» ወይስ «ሎኩን ያዘ»?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ለጀማሪዎች ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ፣ ማስታወሻውን የማዘጋጀው በአማርኛ ነው። አሁን ስለ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) እና ስለ ሎክ (ትሬዶች አንድ ዳታ ላይ ተራ በተራ እንዲሠሩ የሚያደርግ ምልክት) ልጽፍ ስል ቃሉ አስቸገረኝ። «ትሬዱ ዳታውን ቆለፈ» ልበል ወይስ «ሎክ አደረገ»? ዴድሎክንስ (ትሬዶች አንዱ የሌላውን ሎክ እየጠበቁ ሲቀሩ) «ተቆላለፉ» ብለው ያስኬዳል? ክፍል ውስጥ ስለው ተማሪዎቹ ሳቁ። ደግሞ «ወረፋው ባዶ ከሆነ ትሬዱ ይጠብቃል» የሚለውን ዓረፍተ ነገሬን አንድ ጓደኛዬ ስህተት ነው አለኝ። ሰዋስዉ ምን ጎደለው? አንተ ምን ትላለህ?

መልስ፦ አቦ፣ ጥያቄህ ተመችቶኛል። «አንተ» ብለህ ስለጻፍክልኝ የድሬ ልጅ መሆንህም ገብቶኛል፣ እኔም ያለ አንቱታ እመልስልሃለሁ።

«ትሬዱ ዳታውን ቆለፈ» ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ነገሩ ግን እውነት አይደለም። ቆለፈ ስትል ተቆለፈ ያልከው ነገር ተዘግቷል ማለት ነው። ሳጥኑን ከቆለፍክ ሳጥኑ አይከፈትም። ሎክ ግን ዳታውን አይዘጋም። በትሬዶች መካከል ያለ ስምምነት ነው። ሎኩን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሄዶ ዳታው ላይ የሚጽፍ ኮድ ካለ የሚያስቆመው የለም፣ ይጽፋል። ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ መቀርቀሪያው የተሰበረ የጋራ ሻወር አስብ፤ በሩ ላይ ፎጣ ከተሰቀለ ሰው አለ ማለት ነው፣ ፎጣው ግን በሩን አይዘጋም፣ ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ከመጣ ዘው ብሎ ይገባል። ተማሪህ «ዳታው ተቆልፏል» ብሎ ካመነ፣ የባንክ ፕሮግራም ሲጽፍ ገንዘብ የሚያወጣው ፋንክሽን (የኮድ ክፍል) ላይ ሎክ ያደርግና ገንዘብ የሚያስገባው ላይ ይረሳዋል። ከዚያ ሒሳቡ ለምን እንደተዛባ ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ ምክሬ «ትሬዱ ሎኩን ያዘ፣ ሎኩን ለቀቀ» በል ነው። «ቁልፉን ያዘ» ብትልም አልጣላህም። አማርኛ ላይ ግን ቁልፍ መክፈቻውም ነው፣ የሸሚዙም ነው፣ ኪቦርዱ ላይ ያለውም ነው፤ ለጀማሪ ይበዛበታል። ያዘና ለቀቀ ያላቸው ጥቅም ማን እንደያዘ እንድትናገር ማስገደዳቸው ነው። «ሎኩ ተለቀቀ» ብለህ አትለፈው፣ ማን ለቀቀው? ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚይዘው ሎክ) ከሆነ የያዘው ራሱ ነው መልቀቅ ያለበት። ሴማፎር (ስንት ትሬድ መግባት እንደሚችል የሚቆጥር) ከሆነ ሌላ ትሬድም ሊለቀው ይችላል፣ እዚያ «ተለቀቀ» ብትል አያስቀይምም። ጃቫ የምታስተምር ከሆነ ደግሞ ሲንክሮናይዝድ ብሎክ (ሎክ ይዞ የሚሠራ የኮድ ክፍል) መሀል ላይ ስህተት ቢፈጠርም ሲወጣ ሎኩን ራሱ ይለቃል፤ ሪኢንትራንት ሎክ (አንተው ራስህ የምትይዘውና የምትለቀው ሎክ) ግን ፋይናሊ (ስህተት ቢፈጠርም ባይፈጠርም የሚሠራው ክፍል) ውስጥ አንተ ካልለቀቅከው ተይዞ ይቀራል።

«ሎክ አደረገ» ለወሬ ችግር የለውም። ዳውንሎድ አደረገ፣ ሰርች አደረገ እያልን አይደል የምንውለው። ድካሙ የሚታየው ዴድሎክ ላይ ስትደርስ ነው። ሁለት ትሬዶች እርስ በርስ ሲያያዙ ምን ልትል ነው፣ «ሎክ ተደራረጉ»? ቆለፈ ግን ራሱን ያረባል፦ ተቆለፈ፣ አስቆለፈ፣ ተቆላለፈ። ተማሪዎችህ የሳቁት ቃሉ ስህተት ሆኖ ሳይሆን የተቃቀፉ ሰዎች ታይተዋቸው ይመስለኛል። ይሳቁ፣ አይረሱትም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። «በሮቹ ተቆላለፉ» ስንል ሁሉም ተዘጉ ማለታችን ነው፣ «ጣቶቹን አቆላለፈ» ስንል ግን አንዱ በአንዱ ውስጥ ገባ ማለታችን ነው። አንተ የምትፈልገው ሁለተኛውን ስለሆነ «እርስ በርስ ተቆላለፉ» በለው።

ምሳሌውንም አብረህ ስጣቸው። ትሬድ ሀ ከሒሳብ 1 ወደ ሒሳብ 2 ገንዘብ ያዛውራል፣ ትሬድ ለ ከ2 ወደ 1። ሀ የ1ን ሎክ ይዞ የ2ን ይጠብቃል፣ ለ የ2ን ይዞ የ1ን ይጠብቃል። በዚያው ቀሩ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ኮፍማንና ባልደረቦቹ በ1971 ለዴድሎክ አራት ሁኔታዎች አብረው መሟላት እንዳለባቸው ጽፈዋል፤ አንዱ ይህ ክብ ጥበቃ ነው። አንዱን ካፈረስክ ዴድሎክ የለም። እዚህ የሚቀለው ሁሉም ትሬድ ሁልጊዜ ቁጥሩ ያነሰውን ሒሳብ ሎክ አስቀድሞ እንዲይዝ ማድረግ ነው።

«ሬስ ኮንዲሽን»ን (ትሬዶች አንድ ዳታ ላይ ያለ ተራ ሲደራረቡ የሚመጣውን ስህተት) አልጠየቅከኝም፣ ግን ማስታወሻህ ውስጥ «ውድድር» ብለህ ተርጉመኸው እንዳይሆን። ውድድር ዳኛ አለው። ይሄ ሽሚያ ነው። ሒሳቡ ላይ 1000 ብር አለ፣ ሁለት ትሬዶች እያንዳንዳቸው 300 ሊያወጡ መጡ። ሁለቱም 1000 አነበቡ፣ ሁለቱም 700 ጻፉ። 400 መሆን የነበረበት 700 ሆኖ ቀረ። አንዳንዴ ደግሞ ልክ 400 ይመጣል፣ ክፋቱም እሱ ነው፣ ስትፈትሸው ይሠራል።

ሴማፎርን አትተርጉመው። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዳይክስትራ ቃሉን የወሰደው ከባቡር ምልክት ነው፤ በባቡር የተቆረቆረች ከተማ ውስጥ ሆነህ ሌላ ቃል ፍለጋ ምን ያደክምሃል።

አሁን ጓደኛህ ስህተት ነው ወዳለው ዓረፍተ ነገር እንምጣ። ጓደኛህ ልክ ነው። «ከሆነ» አንዴ ብቻ ይጠይቃል። ወረፋው፣ ማለትም ትሬዶች ዕቃ የሚያወጡበት ሰልፍ፣ ባዶ ነው ወይ? ነው፣ በቃ ጠብቅ። ትሬዱ ሲጠብቅ ሎኩን ለቆ ይተኛል፣ ሲቀሰቀስ ሎኩን መልሶ እስኪይዝ ድረስ ሌላ ትሬድ ቀድሞት ዕቃውን ሊወስድ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳይጠራው ይነቃል። በ«ከሆነ» የተጻፈ ኮድ ተነስቶ ከባዶ ወረፋ ሊያወጣ ይሄዳል። «ወረፋው ባዶ እስከሆነ ድረስ ይጠብቃል» ካልክ ግን በተነሳ ቁጥር እንደገና ይጠይቃል፤ በኮድ ኢፍን (አንዴ የሚጠይቀውን) በዋይል (ደጋግሞ በሚጠይቀው) መቀየር ማለት ነው።

እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ይጠብቃል» ራሱ ሁለት መልክ አለው፦ ዘበኛም ይጠብቃል፣ ወረፋ የያዘም ይጠብቃል። «ሎኩ ዳታውን ይጠብቃል፣ ትሬዱ ሎኩን ይጠብቃል» ብለህ ከጻፍክ ተማሪው ማን ዘበኛ፣ ማን ተሰላፊ እንደሆነ ይጠፋዋል። ለትሬዱ «ተራውን ይጠብቃል» በል።