ኮንትራቱን ፈርም፤ ትምህርቱን ግን «በኋላ» አትበለው

ሰላም ልጄ። ጽሑፍህ ረጅም ስለሆነ ለሌሎች አንባቢዎች አሳጥሬ ልንገራቸው።

18 ዓመትህ ነው። በ9 ዓመትህ ከአዲስ አበባ ወደ ካርዲፍ መጣህ፤ ትምህርት ቤት ራግቢ አስለመዱህና በዚያው ቀረህ። አሁን ከአራቱ የዌልስ ፕሮፌሽናል ቡድኖች የአንዱ አካዳሚ የሁለት ዓመት የሙሉ ጊዜ ኮንትራት አቅርቦልሃል። ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለፊዚዮቴራፒ ተቀብሎሃል። አባትህ «ትምህርት የትም አይሄድም፣ ይህን ዕድል ያዝ» ይላሉ። በደሞዝህ ዕቁብ ገብተው ለገጣፎ የጀመሩትን ቤት ሊጨርሱ አስበዋል። እናትህ ስለ ጭንቅላትህና ስለ ጾምህ ይጨነቃሉ። አንተ ደግሞ ወደ እንግሊዝ ክለብ መሄድ ይሻል እንደሆነ፣ በቡድኑ ውስጥም ብቸኛው ሐበሻ መሆንህን ጽፈህ «እትዬ፣ ምን ላድርግ?» ብለሃል።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ዕቁቡ ነው። የሚቀጥለውን ለአባትህ አንብብላቸው፤ በአክብሮት ነው የምለው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ያገኘው የፕሪሚየር ሊግ ኮንትራት አይደለም። ራግቢ ሌላ ዓለም ነው። ራግቢ ዩኒየን በሚባለው በዚህ ዓይነቱ ራግቢ እስከ 1995 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ድረስ ለተጫዋች ደሞዝ መክፈል በስፖርቱ ሕግ የተከለከለ ነበር። ዛሬም ገንዘቡ እንደ እግር ኳሱ አይደለም። በ2024/25 የውድድር ዓመት አንድ የዌልስ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ ደሞዝ የተፈቀደለት 4.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። እሱን አርባ ምናምን ሰው ነው የሚካፈለው። በፕሪሚየር ሊግ ይህን ያህል በዓመት ብቻውን የሚያገኝ ተጫዋች ሞልቷል። ከዚያች ላይ ደግሞ ዋናውን ድርሻ የሚወስዱት የብሔራዊ ቡድኑ ሰዎች ናቸው፤ የአካዳሚ ልጅ ከታች ነው። ልጅዎ የጻፈልኝን ቁጥር እዚህ አላወጣውም፤ እርስዎ በታክሲዎ ከሚያስገቡት ግን ያንሳል። በዚህ ደሞዝ ለገጣፎ ላይ ጣሪያ አይወጣም።

ቢወጣም ልክ አይሆንም ነበር። ዕቁብ አንዴ ከተገባበት ግዴታ ነው፤ ዕጣው ቀድሞ ቢወጣ እንኳ እስከ መጨረሻው መክፈል አለ። ልጁ በሁለተኛው ወር ጉልበቱ ቢጎዳና ኮንትራቱ ሳይታደስ ቢቀር ማን ይከፍላል? በዚህ ሥራ የማገኛቸው ልጆች ብዙዎቹ ወደ ኋላ የሚቀሩት ችሎታ ስላነሳቸው አይደለም። ገና መሥራት ሳይጀምሩ ደሞዛቸው ተከፋፍሎ ስለሚያልቅ ነው፤ የቤተሰቡን ዕዳ ተሸክመው ነው የሚነሱት፣ ከዚያ በኋላ የሚበጃቸውን ሳይሆን ቶሎ የሚከፍለውን ይመርጣሉ። ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ የአቅሙን ያዋጣ፣ ተገቢ ነው። ቤት መሥራት ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ።

«ትምህርት የትም አይሄድም» የሚለውን አባባል አልቀበለውም። ዩኒቨርሲቲው አይሄድም፣ እውነት ነው። የሚሄደው ጊዜህ ነው። በ30 ዓመት ዕድሜህ ሚስት፣ ልጅ፣ የቤት ብድር ይኖሩሃል፤ ያኔ ከ18 ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጦ ሀ ብሎ መጀመር ይቻላል፣ ግን በጣም ይከብዳል። ያውም በራግቢ 30 የምትደርሰው እየተጫወትክ ከሆነ ነው።

ፍላንከር ነኝ ብለሃል። ሳም ዋርበርተንም የአንተ ቦታ ተጫዋች ነበር። ዌልስን በአምበልነት መርቷል፣ በ2013 እና በ2017 ደግሞ ከአራት አገር የተውጣጣውን የላይንስ ቡድን መርቷል። ከዚያ በላይ ክብር በዚህ ስፖርት የለም። ከ2017ቱ የኒውዚላንድ ጉዞ በኋላ አንገቱንና ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ አንድ ዓመት አርፎ ሊመለስ ሞከረ፣ ሰውነቱ እምቢ አለው። በ2018 ጫማውን ሰቀለ። 29 ዓመቱ ነበር። እሱ ዝነኛ ስለነበር ቴሌቪዥን ተቀበለው። ዝና ሳያገኝ በ24 ዓመቱ ጉልበቱ የሚሄድበትን ልጅ ግን ማንም ቴሌቪዥን አይጠራውም። በዚህ ጨዋታ ደግሞ የፍላንከር ሥራ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ኳስ የያዘውን ሰው መጣል፣ ተነስቶ መሬት ላይ ላለው ኳስ መታገል፣ ያንኑ መደጋገም ነው።

የሚሰናከለው ሰውነት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቡድኑም ሊሰናከል ይችላል። በዌልስ አሁን ያለው የሪጅን (የክልል ቡድኖች) አሠራር በ2003 ሲጀመር ቡድኖቹ አምስት ነበሩ። ኬልቲክ ዋሪየርስ የተባለው በዓመቱ ፈረሰ። በፌብሩዋሪ 2023 የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች በኮንትራት ጉዳይ ተማርረው ከእንግሊዝ ጋር ያለውን የሲክስ ኔሽንስ (በየዓመቱ የሚደረገው የስድስት አገሮች ውድድር) ጨዋታ አንጫወትም እስከ ማለት ደርሰው ነበር፤ ለጨዋታው ጥቂት ቀን ሲቀር ነው የተስማሙት። እነዚያ ልጆች ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ስማቸውን የሚጠራላቸው ነበሩ፣ ግን በሚቀጥለው ዓመት ደሞዝ ይኑራቸው አይኑራቸው የማያውቁም ነበሩባቸው። በኤፕሪል 2025 ካርዲፍ ራግቢ በገንዘብ ችግር በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ወድቆ የአገሩን ራግቢ የሚመራው የዌልስ ራግቢ ዩኒየን ገዛው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዩኒየኑ አራቱን ቡድኖች ወደ ሦስት ለመቀነስ ማሰቡን አስታወቀ። ልምምድ ላይ የምታገኛቸውን ትልልቆቹን ተጫዋቾች ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፉት ጠይቃቸው።

ይህን ሁሉ ስል ራግቢውን ተወው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ፈርም። በ18 ዓመቱ በዌልስ ምድር ሙሉ ጊዜውን ራግቢ እንዲጫወት የሚጠራ ልጅ ጥቂት ነው። ካልሞከርከው በ40 ዓመትህም ሲቆጭህ ይኖራል። እኔ የምቃወመው «ወይ ይህ ወይ ያ» የሚለውን ነው። ቤታችሁ ውስጥ ሁሉም ሰው ምርጫው አንዱን ጥሎ አንዱን መያዝ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚያወራው።

ጄሚ ሮበርትስን ታውቀዋለህ። በ2005 ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ጀመረ። እየተማረ ለዌልስ ተሰለፈ፣ በ2009 የላይንስ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ ሁለቴ ግራንድ ስላም (የሲክስ ኔሽንስን ጨዋታዎች ሁሉ ማሸነፍ) በልቷል፣ 94 ጊዜ ለአገሩ ተጫውቷል። ሐኪም ሆኖ የተመረቀው በ2013 ነው። ሌላው ተማሪ በአምስት ዓመት የሚጨርሰውን እሱ በስምንት ዓመት ጨረሰው። እኔ ለአንተ የምፈልገው ይህችን የስምንት ዓመቷን ነገር ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይተው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ደቡብ አፍሪካ ነበር የሚጫወተው፤ ወደ ካርዲፍ ተመልሶ ለሕዝብ ጤና አገልግሎቱ በነፃ ሠራ። አለን ዊን ጆንስም እየተጫወተ ስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ በ2010 ተመርቋል፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን በዓለም ላይ ከማንም በላይ ብዙ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ ሰው ለመሆን ትምህርቱ አላገደውም።

እኔ ራሴ እንግሊዝ አገር ስመጣ ቀን ቀን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ነው የተማርኩት። ሌሎቹ ቀድመውኝ ተመረቁ። በዓመት የምወስደው ኮርስ ጥቂት ነበር፣ ግን አንዴም አላቋረጥኩም። ስለዚህ አንድ ሰው «አንድ ዓመት ሠርቼ ልመለስ» ሲለኝ ደስ አይለኝም። ያ ዓመት ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ መጽሐፍ መግለጥ ራሱ ያስፈራል።

እንግዲህ ፊዚዮቴራፒው ላይ ችግር አለ፣ እሱን አልደብቅህም። ትምህርቱ የሙሉ ጊዜ ነው፤ ከክፍል ውጭ ደግሞ ሆስፒታልና ክሊኒክ ውስጥ 1,000 ሰዓት ያህል በተግባር መሥራት አለብህ። ያ ሰዓት ከጠዋት ልምምድህ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፍ። ቦታህን ለአንድ ዓመት ማቆየት ይቻል እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ስፖርተኞችን እንዴት እንዳስተናገዱ፣ አንዱን ዓመት ለሁለት መክፈል ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅ። ቦታህን ካቆዩልህም ያ ዓመት ባዶ አይሁን፤ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከቤትህ ሆነህ በትርፍ ጊዜህ ልትማር ትችላለህ፣ ዌልስ ውስጥ ለሚኖር ደግሞ ክፍያው ዝቅ ያለ ነው። ከጤና ጋር የተያያዘ አንድ ኮርስ በዚሁ መስከረም ጀምር። አንድ ብቻ ይበቃል። በአውቶቡስ ወደ ሜዳ ስትሄድ፣ ጉዳት ላይ ሆነህ ቤት ስትውል የምታነበው ነገር ይኖርሃል።

ስለ ትምህርት ክፍያም አባትህ የማያውቁት ነገር አለ። ዌልስ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ የሚማር ሰው፣ ከተመረቀ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ዌልስ ውስጥ ለመሥራት ከፈረመ፣ መንግሥት የትምህርት ክፍያውን ይሸፍንለታል። ለሦስት ዓመት ትምህርት ግዴታው ሁለት ዓመት ነው። ያለ ዕዳ የሚገኝ ሙያ ነው ማለት ነው። በየሆስፒታሉም፣ በየስፖርት ክለቡም ይፈለጋል። ለአንተ ብጤ ደግሞ፣ የተጎዳ ተጫዋች ምን እንደሚሰማው በራሱ ሰውነት ላይ ላየ ሰው፣ ከዚህ የተሻለ የሚገጥም ሙያ አይታየኝም። ከዕቁቡ ይልቅ ይህን ለአባትህ ብታስረዳቸው እመርጣለሁ።

አካዳሚው ሰዓት አልሰጥም ብሎ ድርቅ ካለ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። ካርዲፍ ሜት ዩኒቨርሲቲ በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛ ሊግ ውስጥ ይጫወታል፣ ፕሮፌሽናል ቡድኖችም ዓይናቸውን ይጥሉበታል። የአንተው ቦታ ተጫዋች የሆነው አሮን ዌንራይት እዚያ ተማሪ ሳለ ነው ከአራቱ የዌልስ ቡድኖች አንዱ የሆነው ድራገንስ የወሰደው፤ በ2018 ለዌልስ ተሰለፈ። አሌክስ ዶምብራንትም ከዚያው ወጥቶ ለእንግሊዝ ተጫውቷል። ዩኒቨርሲቲ መግባት ከራግቢ መውጣት አይደለም፤ ይህን ለአሰልጣኝህም ንገረው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ወደ እንግሊዝ ክለብ ስለመሄድ፦ አሁን አይሆንም። በውጭ እየተጫወቱ ለዌልስ ለመመረጥ የሚጠየቀው ለብሔራዊ ቡድኑ የተደረገ የጨዋታ ብዛት በ2023 ከ60 ወደ 25 ወርዷል፤ አንተ ግን ገና አንድም የለህም። ቤትህ ካርዲፍ ነው፣ ምግብህም እዚያ ነው። ተወልደህ ስላላደግክበት ለዌልስ መጫወት አልችልም ብለህ የሰጋኸውን ግን ተወው፤ አምስት ዓመት በተከታታይ የኖረ ሰው ይችላል፣ አንተ ዘጠኝ ዓመት ኖረሃል።

እናትህ ስለ ጭንቅላት የፈሩት እውነት ነው፣ አታባብላቸው። አሊክስ ፖፓምና ራያን ጆንስ በ40 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው የመርሳት በሽታ ጅማሬ እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል፤ ሁለቱም ለዌልስ የተጫወቱ ጠንካራ ሰዎች ነበሩ። ጭንቅላትህን ተመትተህ ትንሽ እንኳ ከደበተህ በዚያው ደቂቃ ተናገር። ቦታዬን እቀማለሁ ብለህ ዝም አትበል። በዓመት ስንት ጊዜ እንደተመታህም በደብተር ጻፍ።

ብቸኛው ሐበሻ ስለመሆንህ፦ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ጥቁር ተጫዋች ለዚያች ከተማ አዲስ አይደለም። ካርዲፍ ቤይ ስትሄድ ቢሊ ቦስተንንና ክላይቭ ሱሊቫንን ሐውልቱ ላይ ታያቸዋለህ። ቦስተን የዚያው የካርዲፍ ሰፈር የቡትታውን ልጅ ነው፤ ዕድሉን ያገኘው ግን ዌልስ ውስጥ ሳይሆን ሰሜን እንግሊዝ ሄዶ ነው። ኮሊን ቻርቪስ ደግሞ በ2002 የዌልስ አምበል ሆኗል። ክፉ ነገር የተናገረህ ሰው ካለ ለአሰልጣኙ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቅ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሁዳዴ ከሲክስ ኔሽንስ ወቅት ጋር ይገጥማል። የክለቡን የሥነ ምግብ ባለሙያ ቀኖቹን አስቀድመህ አሳየው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ አኩሪ አተር እንዴት እንደሚያዋህድልህ እሱ ያውቃል። ከንስሐ አባትህ ጋርም ተማከር። እናትህም አብረው ይስሙ፤ በመካከል አንተ መልእክተኛ አትሁን።

ከመፈረምህ በፊት ኮንትራቱን ለዌልስ ራግቢ ተጫዋቾች ማኅበር አሳያቸው፤ የተጫዋቹን ጥቅም ለማስጠበቅ ነው የቆሙት። ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስጡህ፦ ከተጎዳህ ደሞዙ ስንት ወር ይቀጥላል፣ ቡድኑ ቢዘጋ ኮንትራቱ ምን ይሆናል፣ ለትምህርት በሳምንት ስንት ሰዓት ይለቁሃል። በሦስተኛው ላይ «እናያለን» ካሉህ አትፈርም፣ ቀንና ሰዓት እስኪጽፉልህ ጠብቅ። የዩኒቨርሲቲው መልስ እንደደረሰህ ላክልኝ።