ፕሮፌሰር ጠንቋይ ነው እንዴ?

የአሜሪካ ምርጫ ጥያቄዎቻችሁ ተከምረውብኛል። ስድብ ያለባቸውን ትቼ ልጀምር።

አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ተቆጥቷል። በ2024 በቴሌቪዥን ያያቸው ፕሮፌሰር «ካማላ ሃሪስ ያሸንፋሉ» ብለው ትራምፕ አሸነፉ። ከእንግዲህ ምሁር የሚባል እንደማይሰማ ምሎ ተገዝቷል።

አላን ሊክትማንን መሆን አለበት፤ «አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ» የሚባለው ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር። «13 ቁልፎች» የሚሉት ዘዴ አላቸው። ኢኮኖሚው እንዴት ነው? ቅሌት አለ? እያሉ ይቆጥራሉ። ስድስቱ በሥልጣን ላይ ባለው ፓርቲ ላይ ከዞሩ፣ ፓርቲው ተሸነፈ ማለት ነው። በ2016 ትራምፕን ብለው ሠምሮላቸዋል። ግን አንደኛው ቁልፍ «እጩው ግርማ ሞገስ አለው ወይ?» ይላል። ይሄን በምን ሚዛን ይለኩታል? በዓይናቸው ነው እንጂ!

የፕሪንስተኑ ሳም ዋንግ ደግሞ የአንጎል ሳይንስ ተመራማሪ ናቸው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን የማሸነፍ ዕድላቸው 99 በመቶ ነው አሉ። ትራምፕ ከ240 በላይ የኢሌክቶራል ድምፅ (ከየግዛቱ የሚደመረው፣ አሸናፊውን የሚለየው ድምፅ) ካገኙ ነፍሳት እበላለሁ ብለውም ቃል ገቡ። ቃላቸውን አላጠፉም፤ ሲኤንኤን ላይ ፌንጣ የምትመስል ነገር በሉ። ጾም ይሁን ፍስክ አልተጠየቁም።

በዚያው ዓመት የምርጫ ትንበያ ባለሙያው ኔት ሲልቨር ለትራምፕ 29 በመቶ ገደማ የማሸነፍ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ሰው ግን «አያሸንፍም» ብሎ ሰማው። ወንድሜ፣ ከአሥር እንቁላል ሦስቱ ገምተዋል ቢሉህ ዝም ብለህ መጥበሻው ላይ ትሰብራለህ?

ምሁር የሚጠቅምህ «ማን?» ስትለው ሳይሆን «ለምን?» ስትለው ነው። በ2016 ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋንና ፔንሲልቬንያ ላይ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶቹ አብረው ሳቱ። ኋላ የመረመሩት ባለሙያዎች አንድ ምክንያት አገኙ፦ ብዙዎቹ ጥናቶች ኮሌጅ የጨረሱትን አብዝተው፣ ያልጨረሱትን አሳንሰው ቆጥረዋል። በሦስቱ ግዛቶች የነበረው ልዩነት ተደምሮ 80 ሺህ ድምፅ አይሞላም። እንዲህ የሚያስረዳህን ምሁር ስማ፤ ስም የሚጠራልህን እለፈው።

ብዙ ድምፅ ያገኘ እንዴት ይሸነፋል? የሚቆጠረው በግዛት ስለሆነ ነው። ከ538 የኢሌክቶራል ድምፅ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ በ2.9 ሚሊዮን ገደማ በልጠው ተሸንፈዋል።

ምርጫው ለምን ማክሰኞ ይሆናል? በ1845 የወጣ ሕግ ነው።

በ2028 ማን ያሸንፋል? ባለሙያ ጠይቁ። ከላይ ያለውን ካነበባችሁ በኋላ።

አንዲት እህት መንጃ ፈቃድ ስታወጣ የተሰጣትን፣ ለመራጭነትም የሚመዘግብ ቅጽ ሳታነብ ፈርማ ነበር። አሁን የመራጭነት ካርድ በፖስታ መጣላት። ያላት ግሪን ካርድ ነው። «መጣልኝ እኮ፣ ልምረጥ?» ትላለች።

እንዳትመርጪ! በፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ የሚሰጥ ዜጋ ብቻ ነው። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። የዜግነት ማመልከቻውም ላይ «ለመምረጥ ተመዝግበው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። ካርዱንም ፖስታውንም አትጣዪ። ሌላ ቅጽ ከመሙላትሽ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂጂ። ቅጽ የሚሞላልሽ የሰፈር ሰው ጋ አይደለም፤ ጠበቃ ጋ። ፌስቡክ ላይም አትጠይቂ። እኔንም ሁለተኛ አትጠይቂኝ።