"ወገቤ አልቋል" ለምትሉኝ ልጆች

ልጆቼ፣ ይሄን የምጽፈው ትላንት አንድ ልጅ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካለችው ጠባብ ክፍሌ ገብቶ ከወጣ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው። ዕድሜው 26፣ ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ብብቱ ስር የኤም አር አይ ፊልም ሸጉጦ ገና ሰላም ሳይለኝ "ማዘር ወገቤ አልቋል" አለኝ። ማን አለህ ስለው ሪፖርቱን አወጣ፣ አንዱ ዲስክ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ ማለት ነው፣ ትንሽ ወጣ ብሏል ይላል፣ በቃ። እሱ ግን ያንን ካነበበ ጀምሮ ኳስ ትቷል፣ የእህቱን ልጅ አያነሳም፣ ጫማውን ሲያስር ራሱን እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው።

እኔ መጀመሪያ ነርስ ነበርኩ፣ ለዛ ነው ዛሬም ሲስተር የሚሉኝ፣ ከዛ ፊዚዮቴራፒ ገባሁና ከ30 ዓመት በላይ ሰው ሲያመው ሳይ ኖርኩ። ህመም እንዴት እንደሚሠራ ግን ማንም አስቀምጦ አላስረዳኝም፣ እየተሳሳትኩ ነው የተማርኩት፣ እናንተ እንደኔ እንዳትቆዩ ነው።

ማታ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ስትሄዱ የእግር ጣታችሁን ከአልጋው እግር ጋር ታጋጫላችሁ አይደል? መጀመሪያ ውግት ያደርጋል፣ ከዛ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ "መጣ፣ አሁን መጣ" እያላችሁ ስትጠብቁ ያ ክፉው ጥዝጠዛ ይደርሳል። ውጋትና ጥዝጠዛ ብለን ሁለት ስም ያወጣንለት በከንቱ አይደለም፣ መንገዱም ሁለት ነው። ውጋቱን የሚያደርሱት ስስ ሽፋን ያላቸው የነርቭ ክሮች ናቸው፣ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሮጣሉ፣ ጥዝጠዛውን የሚያመጡት ደግሞ ሽፋን የሌላቸው ናቸው፣ በሰከንድ 1 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄዱት፣ የቸርችልን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ሰው ማለት ነው። ሁለቱም ህብለ ሰረሰር ላይ ደርሰው መልእክቱን ለሌላ ነርቭ ያቀብላሉ፣ እሱ ወደ ላይ ይዞት ይወጣል፣ ታላመስ የሚባል ቦታ ይደርስና ከዛ አንጎል ውስጥ ይበተናል፣ አንዱ ጋ የቱ ጋ ነው ይባላል፣ አንዱ ጋ ምን ያህል ያስፈራል ይባላል። እግራችሁ ላይ ያለው ነርቭ ህመም አይልክም ልጆች፣ "እዚህ ጋ ሙቀት በዛ፣ እዚህ ጋ ግፊት በዛ" ነው የሚለው፣ ህመም ነው ብሎ የሚፈርደው አንጎል ነው።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ክትፎ ብሉ። ምላስ ላይ እንደ በር የሆነ ፕሮቲን አለ፣ 43 ዲግሪ አካባቢና ከዛ በላይ ሙቀት ሲነካው ይከፈትና "ተቃጠልን" ይላል። ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ያንኑ በር ይከፍተዋል። ይሄን በፈረንጆቹ 1997 ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ቡድን ነው፣ ሰውየው በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ተሸልሟል። እንባችሁ እየወረደ፣ ላብ ላብ እያላችሁ፣ ምላሳችሁ ግን አልተቃጠለም፣ በመስታወት ብታዩት ምንም የለውም። ደግሞ "ጨምሪልኝ" ትላላችሁ! ለምን፣ ጭንቅላታችሁ ክትፎ እንደሆነ ስለሚያውቅ። ያው መልእክት ከየት እንደመጣ ሳታውቁት ተኝታችሁ ቢመጣ ጮኻችሁ ነበር የምትነሱት።

መንገድ ላይ ህፃን ሲወድቅ አላፊ አግዳሚው ሁሉ "እኔን!" ይላል። ልጁ ግን ወዲያው አያለቅስም፣ አይታችሁ ከሆነ ቀና ብሎ የእናቱን ፊት ነው የሚያየው፣ እሷ ከደነገጠች ያኔ ያብዳል። ትልቅ ሰውም ያው ነው። በፈረንጆቹ 1944 ጣልያን አንዚዮ ግንባር ላይ ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባድ ቁስል ያላቸው ወታደሮች ብዙዎቹ ማስታገሻ አንፈልግም ሲሉት ገርሞት ጽፏል፣ ለነሱ ቁስሉ ከጦርነት በሕይወት መውጫ ነበር፣ ሲቪሉ ግን በዛ ቁስል ቤቱም ሥራውም ይፈርስበታል። የተመታ ክርናችሁን ስታሹት ቀለል የሚላችሁ ደግሞ የምር ነው፣ ሜልዛክና ዎል የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1965 እንደጻፉት ህብለ ሰረሰር ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለ ብላችሁ አስቡት፣ የመዳሰስ ስሜት ሲበዛ የህመሙ መልእክት ይጠብበታል፣ አንጎልም ከላይ ሆኖ በሩን ሊያጠበው ወይ ሊከፍተው ይችላል። ዝርዝሩ በኋላ ተስተካክሏል፣ ሃሳቡ ግን ቆሟል።

ታዲያ ህመም ባይኖርስ የሚል አይጠፋም። ተማሪ ሆኜ ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል ተልኬ ነበር፣ የስጋ ደዌ ነርቭ ስለሚጎዳ እጅና እግር ይደነዝዛል። አንድ አባት የከሰሉን ፍም በጣታቸው አስተካክለው ሲያወሩ አየሁ፣ እኔ ነኝ የጮህኩት፣ እሳቸው ምን ሆንሽ አሉኝ። ከዛ ቀን ወዲህ ህመምን ረግሜ አላውቅም።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። በኛ 1984 ነው፣ ጦርነቱ አልቆ እግራቸው የተቆረጠ ወታደሮች በብዛት ይመጡ ነበር፣ አንዱ 22 ዓመቱ ነው፣ ግራ እግሩ ከጉልበት በታች የለም፣ "ሲስተር የእግሬ ጣቶች ተጣብቀው ይጠዘጥዙኛል፣ ዘርጊልኝ" ይለኛል። እኔም ብርድ ልብሱን ገለጥኩና "ወንድሜ እግር እኮ የለም" አልኩት። ተው ተብሎ የሚነገር ነገር መስሎኝ! አንድ አለቃዬ ደግሞ መርፌ ፈልጎ ነው አለኝ፣ አመንኩት። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ከዛ በኋላ ለሳምንት ምንም አልጠየቀኝም።

ቆይቼ ነው ያወቅኩት። አንጎል ውስጥ የሰውነት ካርታ አለ፣ እግር ሲቆረጥ ካርታው አብሮ አይቆረጥም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞች ላይም የተጻፈ የቆየ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ራማቻንድራን የሚባል ሐኪም መስታወት መሃል አቁሞ ደህናውን እጅ እያሳየ ጭንቅላት ሌላኛው ያለ እንዲመስለው አደረገ፣ ለሁሉም ባይሆን ለአንዳንዱ ይረዳል። እኔም ስለሱ ሳነብ ያንን ወታደር ሰው በሰው አፈላልጌ አገኘሁት፣ ትልቅ መስታወት ገዛሁ፣ ይቅርታም ጠየቅኩት።

ወደ ወገቡ ልጅ ልመለስ። ዲስኩ ከመውጣቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው ያሰረው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ፣ ከ3000 በላይ ሰው ያየ ጥናት አለ፣ ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳን 37 በመቶው ዲስካቸው ላይ የማርጀት ምልክት አለ፣ 80 ዓመት ላይ 96 በመቶ ይደርሳል፣ እንደ ሽበት በሉት። ህመሙ ውሸት ነው አላልኩም፣ ሦስት ወር ያለፈ ህመም ብዙ ጊዜ ዘበኛው ነው የተበላሸው። አንዴ ሌባ የገባበት ግቢ ዘበኛ አይታችኋል? ድመት ስታልፍ ፊሽካ ይነፋል። ነርቩም እንደዛ ነው፣ ክሊፎርድ ዉልፍ የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1983 ህብለ ሰረሰር ራሱ ከጉዳት በኋላ መልእክቱን እንደሚያጎላ አሳይቷል። እንቅልፍ ማጣት፣ የቤት ኪራይ፣ ጭንቀት፣ ሁሉም ዘበኛውን ያስነሱታል። የሚያረጋጋው ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ነው፣ ዛሬ 10 ደቂቃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት 15። በየሳምንቱ ፋርማሲ እየሄዳችሁ "ዲክሎፌናክ ውጉኝ" አትበሉ፣ ጨጓራና ኩላሊት ነው የሚከፍለው። ጤና ባለሙያ የሆናችሁ ልጆች ደግሞ "ተሸርሽሯል፣ አልቋል" የሚባለውን ቃል ከአፋችሁ አውጡልኝ።

እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም፣ ሽንት ወይ ሰገራ አልቆጣጠር ካለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየከዳ ከሄደ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም አትቆዩ፣ የአከርካሪ ቲቢ አገራችን ውስጥ አለ።

ልጁን ትላንት ጀሪካን ውሃ ሞልቼ አስነሳሁት፣ መጀመሪያ ላብ ላብ አለው፣ ሦስተኛው ላይ ሳቀ። ነገ ይመጣል።

ወታደሩ አሁን ሽማግሌ ሆኗል፣ እግሩ ከኔ ጋር እኩል አርጅቷል ይላል፣ የሌለውን ማለቱ ነው። ህመሙ ቀንሷል፣ ክረምት ሲገባ ግን ይደውላል፣ "ሲስተር፣ ጣቴ መጣ።" የትኛው ጣት እለዋለሁ። "ትንሿ" ይለኛል።